ኃይለኛ ውሻ አለ፦ የወለጋ ከተሞች ውሻ፣ ባለቤቱና መሃላቸው የገባው ፍርሃት

በነቀምቴ፣ በጊምቢ ወይም በደምቢ ዶሎ ሰፈሮች ውስጥ ስትሄዱ በአንዳንድ የቆርቆሮ በሮች ላይ በቀለም የተጻፈ አጭር ማስጠንቀቂያ ታያላችሁ፦ «ኃይለኛ ውሻ አለ»። ጽሑፉ ስለ ውሻው የሚነግረን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መናከስ እንደሚችል። ይከተብ አይከተብ፣ ራቱን ይብላ አይብላ፣ ቀኑን ሙሉ ታስሮ ይዋል አይዋል አይነግረንም። ለመንገደኛ ይኼ ይበቃዋል። እኛ ግን አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ገብተን እንጠይቅ፦ ከበሩ ጀርባ ያለው እንስሳ ምን ዓይነት ኑሮ ይኖራል? ኑሮውንስ የሚወስነው ምንድን ነው? የባለቤቱ ፍቅር ነው፣ ኪሱ ነው ወይስ ፍርሃቱ?

ብዙ ጊዜ መልሱ ቀላል ይመስለናል። «የእኛ ሰው ውሻ አይወድም፤ ውሻ የሚወደው ፈረንጅ ነው» እንልና ነገሩን እንዘጋዋለን። ታሪኩን ወደ ኋላ ሄዶ ላየው ሰው ግን ነገሩ እንዲህ አይደለም። በውሻውና በባለቤቱ መካከል የገባው ከጥላቻ ይልቅ ፍርሃት ነው። ፍርሃቱ ደግሞ መነሻ አለው፣ ስም አለው፣ መከላከያም አለው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሥራ ያለው እንስሳ

ወለጋ የገበሬ አገር ነው። የበቆሎና የማሽላ ማሳ ሲያፈራ ቀን ዝንጀሮና ጦጣ፣ ማታ ከርከሮና ጃርት ይመጣሉ። ገበሬው ማማ ሠርቶ፣ ወንጭፍ ይዞ፣ ውሻ አስከትሎ ይጠብቃል። ሲመሽ ደግሞ የበረቱ ተራ ነው፤ ጅብ አለ። «ውሻ ምን አገባው ከእርሻ» ይላል የአማርኛው ተረት። የወለጋ ገበሬ ግን ውሻ ከእርሻ ምን እንዳገባው ጠንቅቆ ያውቃል።

በዚህ ኑሮ ውስጥ ውሻ፣ በኦሮምኛው «ሰሬ»፣ የቤት አባል ሳይሆን የግቢ አባል ነው። ልዩነቱ ትንሽ ይምሰል እንጂ ብዙ ነገር ይወስናል። ቤቱ የሰው ነው፤ ግቢው፣ ደጁና ማሳው የውሻው ነው። ምግቡ የተረፈው ነው፤ ማደሪያው አጥሩ ሥር ነው። ይኼ ጭካኔ አልነበረም። ከብቱም፣ አህያውም፣ ውሻውም እንደየሥራው ቦታ ነበረው። ውሻው ቀን ከእረኛ ጋር ይሮጣል፣ ከሰፈሩ ውሾች ጋር ይገናኛል፣ ማታ ይጮኻል። ምግቡ ጥቂት ቢሆንም ሜዳው ሰፊ ነበር።

ከተማ ሲመጣ ይኼ ተለወጠ። ነቀምቴ፣ የድሮ ሰዎች «ለቀምት» የሚሏት፣ ያደገችው በለቃ ነቀምቴ ገዢዎች በሞሮዳ በከሬና በልጃቸው በኩምሳ ሞሮዳ (በኋላ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር) መቀመጫ ዙሪያ ነው። በ1904 ኦኔሲሞስ ነሲብ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ተርጉሞ ከጨረሰ በኋላ ወደዚያ ተመልሶ ትምህርት ቤት ከፈተ፤ ሚስዮኖችና ሐኪም ቤት ተከተሉ። ገበያው ሰፋ፣ አጥር ከአጥር ተጠጋ። ከተማ ውስጥ የሚጠበቅ ዝንጀሮ የለም፤ ሌባ ግን አለ። ስለዚህ ውሻው ሥራውን እንደያዘ ማሳውን አጣ። ድሮ ሲሮጥ የሚውለው እንስሳ አሁን በሁለት ክንድ ገመድ ታስሮ የሚውል ዘበኛ ሆነ።

ሃይማኖትስ? ውሻ ቤተ ክርስቲያን አይገባም፤ በእስልምናም ምራቁ የነካው ነገር ይታጠባል። እነዚህ ደንቦች ውሻውን ከቤት ውጭ አድርገውታል። ከሰው ልብ ግን አላስወጡትም። በመጽሐፈ ጦቢት ውስጥ ጦብያን በመንገዱ የተከተለ ውሻ አለ፤ በቁርአንም ከዋሻው ሰዎች ጋር ደጃፉ ላይ የተኛ ውሻ ተጠቅሷል። ሁለቱም የሰው ጓዶች ናቸው። ቋንቋችንም እንደዚሁ ሁለት ልብ ነው። «ውሻ» ስድብ ነው፤ «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ስንል ግን ታማኝነቱን እየመሰከርንለት ነው። ቤተ መንግሥትም ቢሆን ውሻ አያጣም ነበር፤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ትንሽ ውሻ ሉሉን የማያስታውስ የዚያ ዘመን ሰው ጥቂት ነው። ውሻን ማቅረብ ለሀበሻ ባዕድ ነገር አልነበረም ማለት ነው። ታዲያ ብዙውን ባለቤት ከውሻው ያራቀው ምንድን ነው?

እብደት የሚሉት በሽታ

በነሐሴ ወር 1903 አዲስ አበባ ውስጥ በውሾች ላይ ከባድ የእብድ ውሻ በሽታ ወረርሽኝ ተነሳ። በአገራችን በጽሑፍ ከተመዘገቡት ትልልቅ ወረርሽኞች ውስጥ የመጀመሪያው ይኼ ነው ይባላል። በሽታው ግን ከዚያ በፊትም የታወቀ ነበር። የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ፓንክረስት በ1970 የበሽታውን ታሪክና ባህላዊ ሕክምናውን ለብቻ የሚያየውን ጽሑፍ ያሳተመው ያለ ምክንያት አይደለም፤ መድኃኒት ዐዋቂዎች በየአገሩ የየራሳቸው ቅጠልና ሥር ነበራቸው። በወለጋም ሰንሰል፣ በኦሮምኛው «ዱሙጋ»፣ እንዲሁም እንዶድ ለዚህ በሽታ ሲሰጡ ኖረዋል።

በሽታውን ልዩ የሚያደርገው የቫይረሱ አካሄድ ነው። ቫይረሱ በንክሻ ከምራቅ ወደ ጡንቻ ይገባል፤ ከዚያ በነርቭ ክር ላይ ቀስ እያለ ወደ አንጎል ይጓዛል። ጉዞው ብዙውን ጊዜ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይወስዳል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ሰውየው ደህና ነው፤ ይሠራል፣ ይበላል፣ ይስቃል። ምልክቱ ከታየ በኋላ ግን ሞት የማይቀር ነው ማለት ይቻላል። የተነከሰ ሁሉ ደግሞ አይታመምም፤ ያልታመመው ቅጠል ወስዶ ከነበረ «ቅጠሉ አዳነኝ» ይላል። የባህል መድኃኒቱ ዝና ጸንቶ የቆየበት አንዱ ምክንያት ይኼ ነው።

ሉዊ ፓስተር ዮሴፍ ማይስተር የተባለውን ልጅ ሐምሌ 6 ቀን 1885 ፓሪስ ላይ ሲከትብ በጉዞው ላይ ያለውን ቫይረስ መቅደም እንደሚቻል ታየ። ስሙ ወደ እኛም መጥቷል። ጉለሌ ያለውን የጤና ምርምር ተቋም ስሙ ስንት ጊዜ ተቀያይሮ ዛሬ የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ቢሆንም፣ ሰው አሁንም «ፓስተር» ነው የሚለው። ለአሠርት ዓመታት አገሪቱ የምትጠቀምበት ክትባት እዚያ ከበግ አንጎል ይዘጋጅ ነበር። ፌርሚ የሚባለው ዓይነት ነው፤ ለ14 ተከታታይ ቀናት ሆድ ዙሪያ ይወጋል፣ ከዚያ በኋላም ማጠናከሪያ አለው። የነርቭ ሥርዓትን ሊጎዳ ስለሚችል የዓለም ጤና ድርጅት አገሮች ይህን ዓይነት ክትባት እንዲተዉ ሲያሳስብ ቆይቷል።

አሁን ይህን ከነቀምቴ ሆናችሁ እዩት። ነቀምቴ ከአዲስ አበባ ወደ 330 ኪሎ ሜትር ትርቃለች፤ ደምቢ ዶሎ ደግሞ ከዚያ እጅግ ትርቃለች። ውሻው አብዶ እንደሆነ በእርግጠኝነት ለማወቅ አንጎሉ መመርመር አለበት፤ ለረጅም ዘመን ምርመራው ያለው ደግሞ ፓስተር ብቻ ነበር። የውሻ ጭንቅላት በበረዶ ይዞ አውቶቡስ የሚሳፈር ማነው? ያበደ የመሰለውን ውሻ ሰፈሩ በድንጋይና በዱላ ጭንቅላቱን ብሎ ይገድለዋል፤ በዚያው ምት የሚመረመረው አንጎል ይጠፋል። ለተነከሰው ልጅ የሚቀረው ጥርጣሬ ብቻ ነው። ጥርጣሬ ደግሞ አንድ ጊዜ ሰፈር ከገባ ያበደውን ካላበደው አይለይም።

ሳይንሱ ራሱ ነገሩን አክብዶታል። ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ መኮንን ፈቃዱ በ1972 ባሳተመው ጥናት ጤነኛ በሚመስሉ ውሾች ምራቅ ውስጥ ቫይረሱ እንደሚገኝ አመለከተ። በ1982 ደግሞ ከባልደረቦቹ ጋር፣ ከኢትዮጵያ በተገኘው የቫይረስ ዝርያ የተያዙ ውሾች ምልክት ከማሳየታቸው እስከ 13 ቀን ቀደም ብለው ቫይረሱን በምራቃቸው ሊያወጡ እንደሚችሉ አሳየ። ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ ተነከስን ካልን ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውሃ ለ15 ደቂቃ አጥበን ሐኪም ቤት እንሂድ፤ «ውሻው ደህና ይመስላል» ብለን አንቀመጥ።

«የማነው ይኼ ውሻ?»

ፍርሃቱ ከሕግ ጋር ሲገናኝ አንድ አስገራሚ ነገር ተፈጠረ። በ1960 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ተጠያቂ ነው ይላል፤ እንስሳው ሳይታሰብ ከእጁ ቢያመልጥ እንኳ። ሕጉ ትክክል ነው፤ የተነከሰ ሰው ካሳ ይገባዋል። ነገር ግን ውሻው ሰው ነክሶ «የማነው ይኼ ውሻ?» የሚል ጥያቄ ሲመጣ በሰፈሩ ጸጥታ ይሰፍናል። ትናንት ማታ እንጀራ የሰጠው ሰው ዛሬ «እኔ እንጃ፣ እንዲሁ ደጄ ላይ የሚያድር ነው» ይላል።

«ባለቤት አልባ» የምንለው ውሻ ብዙውን ጊዜ የሚፈጠረው እንዲህ ነው። በአፍሪካ ከተሞች የተደረጉ ጥናቶች በተደጋጋሚ እንዳሳዩት መንገድ ላይ ከምናያቸው ውሾች አብዛኞቹ የሚመግባቸው ቤት አላቸው። ቤት አላቸው፤ «የኔ ነው» ብሎ የሚፈርም ግን የላቸውም። የእኔ ነው ያልተባለ ውሻ ደግሞ አይከተብም፣ ሲታመም አይታከምም፣ ሲሞት አይጠየቅም።

ማዘጋጃ ቤቶች ለዚህ ያገኙት መልስ መርዝ ነበር። በብዙ የኢትዮጵያ ከተሞች ስትሪክኒን የተቀላቀለበት ሥጋ ማታ መንገድ ላይ ይጣልና ጠዋት ሬሳው ይሰበሰባል። ስትሪክኒን የሚሠራው በአከርካሪ ውስጥ ጡንቻን የሚያረግበውን ግላይሲን የተባለ መልእክተኛ በመዝጋት ነው። ጡንቻ ሁሉ ይኮማተራል፣ እንስሳው ይንቀጠቀጣል፣ ነፍሱን እያወቀ ታፍኖ ይሞታል። መርዙ የተከተበውን ካልተከተበው፣ የተወደደውን ከተጣለው አይለይም። ውሻውን ያስከተበ፣ ያበላ ሰው ጠዋት ተነስቶ ሬሳውን ሲያገኝ ምን ይማራል? ለውሻ ገንዘብ ማውጣት ከንቱ መሆኑን ይማራል። ቀጥሎ የሚያመጣውን ቡችላ አያስከትብም።

ደግሞ መርዙ በሽታውን አያጠፋም። የኢንዶኔዥያዋ ፍሎሬስ ደሴት በሽታው በ1997 ሲገባባት ከውሾቿ ግማሽ የሚሆኑትን ገደለች፤ በሽታው ግን አልጠፋም። ምክንያቱ የባዮሎጂ ሀሁ ነው። ቆሻሻው፣ የተረፈው ምግብና የጥበቃ ሥራው እስካሉ ድረስ የሞተውን ውሻ ቦታ ሌላ ይይዘዋል። የሚይዘው ደግሞ ወጣትና ያልተከተበ ነው። በአንጻሩ ከአንድ አካባቢ ውሾች 70 በመቶው በየጊዜው ከተከተቡ ቫይረሱ የሚተላለፍበት ሰንሰለት ይበጠሳል። የተከተበ ውሻ በሕይወት መኖሩ ራሱ ለሰፈሩ አጥር ነው።

አመለካከት ወደ ኑሮ የሚሻገርበት ድልድይ

እስቲ አሁን ወደ ባለቤቱ እንመለስ። የእንስሳት ደኅንነት ሳይንስ የውሻን ኑሮ የሚለካው በባለቤቱ ስሜት አይደለም። ከ1979 ጀምሮ በእንግሊዝ የታወጁት አምስቱ ነጻነቶች መነሻ ናቸው፦ ከረሃብና ከጥም፣ ከምቾት ማጣት፣ ከሕመምና ከበሽታ፣ ከፍርሃትና ከጭንቀት ነጻ መሆን፣ እንዲሁም የተፈጥሮ ጠባይን ማሳየት መቻል።

አመለካከት ከእነዚህ ጋር ምን ያገናኘዋል? አውስትራሊያዊዎቹ ፖል ሄምስዎርዝና ግራሃም ኮልማን በአሳማ እርባታ ላይ ባደረጉት ረጅም ምርምር ሠራተኛው ስለ እንስሳው ያለው እምነት አያያዙን፣ አያያዙም የእንስሳውን ፍርሃት፣ ፍርሃቱም ጤናውንና ምርቱን እንደሚወስን አሳይተዋል። እምነቱ በሥልጠና ሲለወጥ አያያዙም ተለወጠ። የሥነ ልቦና ምሁሩ አይዜክ አይዘን ደግሞ በ1991 አንድ ነገር አስረግጦ ጻፈ፦ ሰው አንድን ነገር የሚያደርገው ስለወደደው ብቻ አይደለም፤ ሌሎች ምን ይሉኛል የሚለውና «በእጄ ነው፣ እችላለሁ» የሚለው ስሜቱ አብረው ይወስናሉ። በወለጋ ከተሞች ያለውን ነገር በዚህ መነጽር ስናየው ሦስት ነገሮች ይገለጡልናል።

አንደኛ፣ እስሩ። ብዙ ሰው ቡችላን ቀን ማሰር ማታ ኃይለኛ ያደርገዋል ብሎ ያምናል፤ በአንዳንድ ሰፈር ለዚሁ ብለው ጆሮውን ይቆርጣሉ። አሜሪካዊዎቹ ስኮትና ፉለር በ1965 ባሳተሙት ትልቅ ሥራ ግን ቡችላ ሰውንና ዓለሙን የሚለምድበት መስኮት በግምት ከ3ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት መሆኑን አሳይተዋል። በዚያ ጊዜ ታስሮ፣ ሰው ሳያይ ያደገ ውሻ ፈሪ ይሆናል። የፈራ ውሻ ደግሞ መሸሽ ካልቻለ ይናከሳል፤ ሌባን ብቻ ሳይሆን የጎረቤትን ልጅም። ባለቤቱ ጀግና ያሳደገ ይመስለዋል፤ ያሳደገው ግን ፍርሃትን ነው።

ሁለተኛ፣ ጉበቱ። በበዓል ቀን በግ ወይም በሬ ሲታረድ፣ ውሃ የቋጠረ ጉበት ወይም ሳንባ ሲገኝ «ለውሻው ስጡት» ይባላል። ደግነት ነው። ዳሩ ግን ያ ውሃ የቋጠረ ነገር የኤኪኖኮከስ ትል እጭ ከረጢት ነው፤ በአገራችን ቄራዎች በየጊዜው የሚገኝ ነው። ውሻው ሲበላው ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፣ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል፣ በሣርና በእጅ ተመልሶ ወደ ከብቱና ወደ ልጁ ይገባል። በሰው ጉበትና ሳንባ ውስጥም ያንኑ ከረጢት ያበቅላል። እዚህ ላይ ባለቤቱ ውሻውን ወዷል፤ የጎደለው ዕውቀት ነው። መፍትሔው መቅበር ወይም ማቃጠል ነው።

ሦስተኛ፣ ሴቷ ቡችላ። ወንዱን ሁሉም ይፈልገዋል፤ ሴቷ «ትወልድብናለች» ተብላ ወንዝ ዳር ወይም ገበያ ዳር ትጣላለች። ባለቤቱን ክፉ ለማለት እንቸኩላለን። ግን ማምከን የሚችል የእንስሳት ሐኪም በአቅራቢያው ከሌለ፣ ቢኖርም ከአቅሙ በላይ ከሆነ ምን ያድርግ? አይዘን «እችላለሁ» ያለው ይኼን ነው።

የዚህ ሁሉ ማረጋገጫ ከቻድ ዋና ከተማ ከእንጃሜና ይመጣል። እዚያ የውሻ ክትባት በክፍያ ሲሰጥ የተከተበው ከአራት ውሾች አንድ ገደማ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በነጻ ሲሰጥ ከ70 በመቶ በላይ ደረሰ። የእንጃሜና ሰው በእነዚያ ዓመታት ውሻ መውደድን አልተማረም፤ በሩ ነው የተከፈተለት።

በወለጋ ዛሬ

ዛሬ በነቀምቴ ሁለት ዓይነት ውሻ አለ። አንዱ «የፈረንጅ ውሻ» ነው፤ በገንዘብ ተገዝቷል፣ ስም አለው፣ ብዙ ጊዜም ይከተባል። ሌላው «የሀበሻ ውሻ» ነው፤ ከጎረቤት በነጻ መጥቷል፣ በቃ «ቡቺ» ነው። ሥራቸው አንድ ነው፤ ቫይረሱም ሁለቱን አያበላልጥም። ዋጋ የተከፈለበትን መንከባከብ የሰው ጠባይ ነው። ክትባትም አንድ ዓይነት ዋጋ ነው። ውሻውን ያስከተበ፣ ወረቀት የያዘ ሰው «የኔ ነው» ለማለት ይደፍራል፤ ምክንያቱም ባለቤትነቱ አሁን ዕዳ ብቻ አይደለም፣ መከላከያም ነው።

በ2007 ነቀምቴ ላይ የተከፈተው ወለጋ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት አለው። ከ40 ወይም ከ50 ዓመት በፊት ያልነበረ አቅም ማለት ነው፤ የነቀምቴ ሰው ስለ ውሻው የሚጠይቀው የእንስሳት ሐኪም በከተማው አለ። በሌላ በኩል ባለፉት ዓመታት በወለጋ የነበረው ግጭት ብዙ ሰው አፈናቅሏል፣ የጤና አገልግሎትንም አቋርጧል። ሰው ሕይወቱን ለማትረፍ ሲሸሽ ውሻ ይዞ አይሸሽም። ባዶ ቤት የሚጠብቅና የሚያበላው ያጣ ውሻ መንገድ ይወጣል፤ ክትባት በሌለበት ደግሞ የድሮው ፍርሃት ተመልሶ ይመጣል። «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» እንዲሉ፣ አንድ ቦታ የተከፈተ ክፍተት በዚያው አያቆምም።

ዓለም በውሻ አማካይነት በሚመጣው እብደት የሚሞተውን ሰው እስከ 2030 ዜሮ ለማድረግ አቅዷል። በየዓመቱ ወደ 59,000 የሚጠጋ ሰው እንደሚሞት ይገመታል፤ ብዙዎቹ የአፍሪካና የእስያ ገጠር ልጆች ናቸው። ለወለጋ ከተሞች ዕቅዱ ሲተረጎም በጣም ቀላል ነገር ይሆናል፦ መርዙን ማቆም፣ ለዓመታዊ ነጻ ክትባት ቀን መቁረጥ፣ ለተከተበ ውሻ አንገቱ ላይ ምልክት ማሰር፣ ውሃ የቋጠረውን ጉበት መቅበር፣ ቡችላውን በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ከሰው ጋር ማላመድ፣ ለሴቷ የማምከን አገልግሎት ማቅረብ። አንዳቸውም ሰውን «ውሻ ውደድ» ብሎ መስበክ አይጠይቁም። የወለጋ ሰው ከውሻው ጋር አጥሩንና ማሳውን ለዘመናት ተካፍሎ ኖሯል፤ ዛሬ የሚያስፈልገው ሳይፈራ «የኔ ነው» የሚልበት መንገድ ነው።